የኦርኪዷ ልጅ

ልጄ ወደ ቤቴ የተመለሰችው ለመተኛት ነው። ሐኪሟ ከአልጋ እንዳትወርድ አዟታል። ከዚያ በፊት ያረገዘችው ሳይደርስ ወርዶባት ነበርና ይህኛውን ተኝታ እንድታቆየው ነበር ተስፋችን። ባሏ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነው፤ ከወጣ ይቆያል። ስለዚህ ቤቴል ያለውን ቤቷን ዘግታ ኮልፌ እኔ ዘንድ መጣች። ባሏ በጋዜጣ የተጠቀለለ የአበባ ዕቃ ይዞ ከኋላዋ ገባ።

አበባው ኦርኪድ ይባላል። እሱ ነው የሰጣት። ሲመጣ አበባው ረግፎ ረጅም ባዶ ዘንግ ብቻ ቀርቶ ነበር። የሳሎኑ መስኮት ላይ አስቀመጥኩት። እኔ የማውቀው ጎመንና ጤና አዳም ነው። ይሄኛው አፈር እንኳ የለውም፤ በላስቲክ ዕቃ ውስጥ በዛፍ ቅርፊት ስብርባሪ ላይ ነው የቆመው።

ልጄ ከውስጠኛው ክፍል ስለማትወጣ ከቁርስ በኋላ ዕቃውን ወስጄ አሳያት ነበር። አንድ ጠዋት ቀና አለች።

"እማ፣ ዘንጉ ላይ ያለው ምንድን ነው?"

አቀረብኩላት። ከዘንጉ አንጓ ላይ የሕፃን ጥፍር የሚያክሉ ሁለት ቅጠሎች ብቅ ብለዋል።

"ወልዳለች!" አለችና ሳቀች። ከመጣች ጀምሮ ስትስቅ ሳያት የመጀመሪያዬ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ዓይኗን ስትገልጥ የምትጠይቀኝ ስለ ቡቃያዋ ሆነ። "ትንሿ እንዴት አደረች?" ትለኛለች። አልወደድኩትም።

"ልጄ፣ ገድ አይታመንም። አላህ የሚሰጠው በአበባ አይለካም።"

"ገድ መቼ አልኩ? እንዴት አደረች ነው ያልኩት።"

ግን እኔም ከእሷ ቀድሜ ተነስቼ ማየት ጀመርኩ። ደርቃ ያገኘኋት እንደሆነ ለልጄ ምን እንደምላት አላውቅም ነበር።

አንድ ልማድ አለኝ፤ ከእናቴ የወረስኩት ነው። ለሶላት ከምንታጠብበት ከውዱእ የተረፈ ውሃ ባኞ ቤት አይደፋም፤ ለሚያድግ ነገር ይሰጣል። በሰፈራችን ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ የግቢያችን ጤና አዳም ያደገው በዚሁ ትራፊ ነው። ኦርኪዷንም ድርሻዋን አልነፈግኳትም። ለሱብሂ፣ ለዙሁር፣ ለአስር፣ ለመግሪብ፣ ለኢሻ። አፈር ስለሌላት ቶሎ የሚጠማት መስሎኝ ነበር። ቡቃያዋን ካየሁ በኋላማ የምታጠባ እናት ናት ብዬ ጨመርኩላት።

የታች ቅጠሎቿ ቢጫ ሆኑ። ከዚያ ለሰለሱ።

ጎረቤቴ አጥሚት ይዛ ልጄን ልትጠይቅ መጣች። የጎጃም ሰው ናት፤ ልጆቻችንን በአንድ አጥር ነው ያሳደግነው። መስኮቱ ጋ ስትደርስ ቆመች።

"ይሄ ነገር ሸቷል።"

"ምኑ?"

"ስሩ ነዋ። ውሃ ስንቴ ነው የምትሰጪው?"

ነገርኳት።

"በስመአብ! አምስት ጊዜ? አንቺ ሴትዮ፣ አበባው ሙስሊም ነው ያለሽ ማነው?"

ልጄ ከውስጥ ሰምታ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ፈራሁና ተቆጣኋት።

"ተያት ትሳቅ" አለች ጎረቤቴ። "ሳቅ የጎዳት እርጉዝ አላየሁም።"

ልጄ ስልኳን ከፍታ አነበበችልን። ኦርኪድ በሳምንት አንዴ ቢጠጣ ይበቃዋል። ስሩ ከበሰበሰ እናቲቱ አትድንም። ልጂቱ ግን የራሷን ስር ካበቀለች ተቆርጣ ትተከላለች። "ስሯ ጣት እስኪያህል ከእናቷ አትለዩአት ይላል" አለችና ስልኩን ደረቷ ላይ አስቀመጠችው። ሳቋ ጠፋ።

ቡቃያዋ ገና ስር አልነበራትም። እናቲቱ እየበሰበሰች ነው። የቱ እንደሚቀድም አላህ ነው የሚያውቀው። ሐኪሙም በየቀጠሮው የሚለን ከዚህ አይርቅም፤ "ትንሽ ይቆይ፣ ትንሽ ይቆይ" ነው።

ውሃውን አቆምኩ። የውዱኡን ትራፊ ይዤ በመስኮቱ ሳልፍ እጄ ይሳብ ነበር። በሱጁድ ግንባሬን ደፍቼ ለልጄ ዱዓ ሳደርግ አበባዋ ሐሳቤ ውስጥ ትገባለች። አስተግፊሩላህ እልና እንደገና እጀምራለሁ።

ክረምቱ ሲወጣ ከቡቃያዋ ግርጌ ነጭ ነጥብ ታየ። እንደ ክር ረዘመ። ልጄ ጣቷን አጠገቡ አድርጋ ትለካዋለች። "ገና ነው" ትላለች።

አንድ ከሰዓት በኋላ፣ አስርን ሰግጄ እንደጨረስኩ፣ "እማ" ብላ ጠራችኝ። ድምጿን ለየሁት። ስገባ አንሶላው ረጥቧል። ገና ወራት ይቀራት ነበር። ጎረቤቴ ነጠላዋን ሳታስተካክል ወጥታ ታክሲ አስቆመች። ሆስፒታል አስተኟት። ጎረቤቴን አጠገቧ ትቼ እኔ ልብስ ላመጣ ተመለስኩ።

ሳሎን ስገባ ዘንጉን አየሁት። ከታች ጀምሮ ደርቆ ቡቃያዋ ሊደርስ ጥቂት ቀርቶታል። ስሯ ግን ጣት አልሞላም። የምጠይቀው ሰው አልነበረም። ምላጭ በእሳት ላይ አሳለፍኩ፤ ቢስሚላህ ብዬ ቆረጥኩ። ከእናቷ ዕቃ ደረቅ ደረቁን ቅርፊት መርጬ፣ የከሰል ስብርባሪ ጨምሬ፣ በሻይ ብርጭቆ አቆምኳት። ልብሱን ይዤ ወደ ፌርማታው ሮጥኩ።

ልጄ በምጥ መሃል "ትንሿስ?" አለችኝ።

"ቆረጥኳት።"

"ደርሳ ነው?"

መዋሸት አልሆነልኝም። "አልደረሰችም። እናቷ ልትይዛት አልቻለችም።"

ዓይኗን ጨፈነች። እጄን ግን አልለቀቀችም።

ሴት ልጅ ወለደች። ለቅሶዋ ከበሩ ውጭ አይሰማም ነበር። ነርሷ ሕፃኗን ራቁቷን በልጄ ደረት ላይ አስተኝታ በነጠላ አሰረቻቸው። እንደዚያ ሆነው ከረሙ። እኔ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጬ የተስቢህ ዶቃ እቆጥራለሁ፤ ነርስ ፈጠን ብላ በተራመደች ቁጥር ቁጥሩ ይጠፋብኛል። ያን ሁሉ ጊዜ ልጄ ስለ አበባው አላነሳችም።

አላህ ይመስገን፣ ተረፈችልን።

ቤት ስንመለስ ብርጭቆው ወጥ ቤት መስኮት ላይ ነበር። ከሳሎን ወደዚያ የወሰደችው ጎረቤቴ ናት። "ጠብታ ውሃ አልሰጠኋትም፤ አንቺን አይቼ" አለችኝ። ቡቃያዋ ቀጥናለች፣ ግን አረንጓዴ ናት። በኋላ ልጄ ሕፃኗን አቅፋ ወደ ቤቷ ስትሄድ ቡቃያዋን እኔ ጋ ትታት ሄደች። አርብ አርብ ጥቂት ውሃ እሰጣታለሁ። ቅጠል ጨመረች፤ ሰፋ ወዳለ ዕቃ አዛወርኳት። ዓመት አለፈ፣ ሌላም ተከተለ። አበባ አልጠበቅኩም።

ባለፈው ክረምት መውጫ ዘንግ አወጣች። እምቡጥ ያዘች። ለማንም አልተናገርኩም፤ ቢረግፍስ? በዚያው ሳምንት ሕፃኗን ሳል ያዛት። በቀን ደጋግሜ እምቡጦቹን አይ ነበር። ገድ አይታመንም ያልኩት እኔው ነኝ።

አንድ ጠዋት ፈካች። ነጭ ሆና መሃሏ ሐምራዊ። ለልጄ ደወልኩ።

"አበባ አወጣችልሽ" አልኳት።

"ማን?"

"ትንሿ።"

"የቷ ትንሿ? ቆይ እማ፣ ይህቺ ልጅ ዱቄት ደፋችብኝ። ውረጂ! ውረጂ አልኩሽ! እማ፣ መልሼ ልደውልልሽ?"

"ሳሏስ?"

"የምን ሳል? ከለቀቃት ቆየ እኮ። ቻው፣ እሺ?"

ስልኩን አስቀመጥኩ። አልሐምዱሊላህ አልኩ። ለአበባውም ነው፤ ልጄ ስለ ረሳችው ግን ይበልጥ።

አዛን ሲል ውዱእ አደረግኩ። የተረፈውን ውሃ ይዤ በአበባዋ አጠገብ አለፍኩና ለጤና አዳሙ ሰጠሁት።