ለጦር መርከብ የተላከው የሌላ ሴት ፖስታ

ልጄ በጭነት መርከብ ላይ ይሠራል። ባለፈው ፋሲካ ለእረፍት ጎንደር ሲመጣ ከሻንጣው መጀመሪያ ያወጣው ለኔ የገዛውን ጫማ አልነበረም። አንድ ወደብ ላይ የገዛውን፣ በላስቲክ የታሸገ አሮጌ ፖስታ ነው ያወጣው።

«እምዬ፣ እንዳትነኪው። እጅሽ ቅቤ ነው።»

ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት፣ መርከብ በሸራና በእንፋሎት ሲሄድ፣ ለአንድ የእንግሊዝ ጦር መርከብ ባሕርተኛ የተላከ ነው አለኝ። አድራሻው የመርከቧ ስምና የወደቡ ስም ብቻ ነው። ደብዳቤው ሲደርስ መርከቧ ሄዳለች፤ የፖስታ ሰዎቹ ያንን ወደብ ሰርዘው ቀጣዩን ይጽፉና ደብዳቤውን ያስከትሉላታል። ሦስት ወደብ ተሰርዟል። ልጄ አንድ በአንድ ሲያነብልኝ ዳዊት የሚደግም ይመስል ነበር።

«ማን ናት የላከችለት?»

«አይታወቅም፤ ውስጡ ባዶ ነው። እናቱ ትሆናለች።»

«ባዶውን ነው እንዲህ የምታቅፈው?»

«ምነው እምዬ፣ በሞተች ሴት ትቀኛለሽ?» ብሎ ሳቀ።

አዎ፣ ቀናሁ። እኔም አንድ ጊዜ ለልጄ ደብዳቤ ልኬለት ነበር። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ በእርሳስ ጽፌ በእስክሪብቶ ለመገልበጥ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። የፈረንጅኛውን አድራሻ በስልክ ልኮልኝ እንደ ሥዕል እያየሁ ቀዳሁት። ባሕሩን ስለምፈራ፣ በቤተ ክርስቲያን ለበሽተኛ የሚቀባውን እምነት፣ የተባረከውን አመድ፣ በወረቀት ጠቅልዬ ጨመርኩበት። ወደቡ ላይ ፈታሾች ዱቄት አይተው ልጄን ካፒቴኑ ፊት አቆሙት። «ከእንግዲህ ስልክ ብቻ» አለኝ ያኔ። ደብዳቤው የት እንደገባ ፈርቼ ሳልጠይቅ ኖሬያለሁ።

ያን ቀን ግን ጠየቅሁት። «የኔስ?»

አቀረቀረ። «ከአመዱ ጋር ወሰዱት።»

«ሳታነበው?»

«ሳላነበው። ምን ብለሽ ነበር? አሁን ንገሪኝ።»

«አልነግርህም» አልኩ። በነጋታው እንደገና ጻፍኩ። አመድ አልጨመርኩም።

«ስጪኝ፣ በኪሴ ልያዘው» አለኝ።

«በኪስማ አይሆንም! ማኅተም ይመታበት። እንደሷ ደብዳቤ ይከተልህ።»

ከሄደ በኋላ ፖስታ ቤት ወስጄ ላክሁት። እስካሁን አልደረሰውም። ሲደውል ከጤናው በፊት የምጠይቀው ይህንኑ ነው። ያኛውን ፖስታ ግን ይዞት ሄዷል፤ መርከቡ ውስጥ ከአልጋው ራስጌ ሰቅሎታል አሉ።