የአባባ ዓይንና የሞጣው ጠብታ

አባባ በራዲዮ የተነገረን ነገር የሚጠራጠር ሰው አይወዱም ነበር። «መንግሥት ሳያውቀው ይነገራል?» ይሉናል። ታዲያ ያ ራዲዮ አንድ ቀን፣ ሞጣ ላይ ዓይን የሚያበራ ጠብታ እንደሚሸጥ ማስታወቂያ ለፈፈ። የአባባ ዓይን ደግሞ ከደከመ ቆይቷል፤ ሰው የሚለዩት በድምፁ ነበር። እናቴ «ሐኪም ይሻላል» ብትል ማን ሰምቷት! የጸሎት መጽሐፋቸውን በብብታቸው ይዘው፣ እኔን አስከትለው ከቢቸና በአውቶቡስ ሞጣ ገቡ።

ሻጩ ገበያው መሀል ድምፅ ማጉያ ይዞ ቆሟል። አቤት አፈ ቅቤነቱ! አባባን አስቀምጦ ጠብታውን አንጠባጠበላቸው። «ኧረ አቃጠለኝ!» ሲሉ «መሥራቱ ነው አባቴ!» አላቸው። ከዚያ የያዙትን መጽሐፍ አይቶ «እስቲ ያንብቡልን» አለ። ወይ ጉድ! ያንን ጸሎት ከቆሎ ተማሪነታቸው ጀምረው በየማለዳው ሲደግሙት የኖሩ ሰው፣ ገለጥ አድርገው አንበለበሉታ! ገበያው በእልልታ ቀለጠ። ሻጩም ድምፃቸውን በቴፕ ቀዳ።

ብዙም ሳይቆይ አባባ በራዲዮ ማስታወቂያ ላይ ሲያነቡ ተሰሙ። ከዚያ ወዲያ ማን ችሏቸው! ጎረቤቱ ሁሉ ወደ ሞጣ ተመመ። የሚገርመው፣ እሳቸውም ዓይኔ በርቷል ብለው ከልባቸው አምነው ነበር።

እናቴ ግን አላመነችም። አንድ ጠዋት በጸሎት መጽሐፉ ፈንታ የእኔን የሒሳብ መጽሐፍ አቀበለቻቸው። አባባ ጣታቸውን በምራቅ እያራሱ፣ ገጽ እየገለጡ፣ ጸሎታቸውን እስከ መጨረሻው ወረዱት። እኔ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። እናቴ አልሳቀችም።

«የያዝከው የልጅህ የሒሳብ መጽሐፍ ነው» አለቻቸው ቀስ ብላ።

አባባ ገጹን በመዳፋቸው ዳበሱት። «ታዲያ እስከ ዛሬ ምን ነበር የማየው?» አሉ። አንጀቴን በሉት።

በማግስቱ ሳያንገራግሩ ወደ ደብረ ማርቆስ ሄዱ። ሐኪሙ የዓይን ሞራ መሆኑን፣ በቀዶ ጥገና እንደሚወጣ ነገራቸው፤ ወጣላቸውም።

ፋሻው የተነሣ ዕለት እናቴ አዲስ ነጠላዋን ለብሳ ፊታቸው ቆመች። አባባ ዓይናቸውን ጨፈን ገለጥ እያደረጉ ቆዩና ድንገት፣

«አንቺ! የፊት ጥርስሽ የት ሄደ?» አሉ።

እናቴ አፏን በነጠላዋ ሸፍና፣ እየሳቀች አለቀሰች። «ካቻምና ነው'ኮ የወለቀው» አለች።