ጋሼ የሚደብቁት ፋይል

አጎቴን ጋሼ ነበር የምላቸው። አሰላ ቤታቸው ሄጄ በሲ የኮምፒውተር ቋንቋ የጻፍኩትን ኮድ ሳሳያቸው፣ ገና ሳያነቡት ፕሮግራሙ የሚከፍተውን ፋይል ደብቀው ያስኬዱት ነበር። መጀመሪያ ሰሞን ፕሮግራሙ ወዲያው ክራሽ አድርጎ ሲቆም ተናደድኩ። «ጋሼ፣ እርስዎ ፋይሉን ባይነኩት እኮ ይሠራ ነበር!»

«አይዞሽ የኔ ልጅ፣ ሲሳካማ ሁሉም ይሠራል። እኔ የማየው ሳይሳካለት ሲቀር ከኮምፒውተሩ የያዘውን ሜሞሪ ለቆ በሥርዓት መውጣቱን ነው» አሉኝ። ከዚያ ወንበራቸውን አስጠግተው ስህተቱን አብረውኝ ፈለጉ።

ትናንት እዚያው ሳሎናቸው ተቀምጬ፣ ጋሼ ካረፉ ወዲህ የመጀመሪያ የሆነውን ፕሮግራሜን ጨረስኩ። ፋይሉን ራሴ ደብቄ አስኬድኩት። «ፋይሉ አልተገኘም» አለና የያዘውን ሁሉ ለቆ በሰላም ወጣ።

እንዲያዩልኝ ላፕቶፑን ወደ ባዶው ወንበራቸው አዞርኩት።