ከባሕር የተመለሰው ሰውዬ

የማርያም ማኅበር በእኛ ቤት በዋለበት ቀን እናቴ ጽዋው ከተቀመጠበት መደብ አጠገብ ነበረች። የንስሐ አባታችን ምሰሶው ሥር፣ ቤታችን ባለው ብቸኛ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። እማማ በላይነሽ ግድግዳውን ተደግፈዋል፤ ከጎናቸው የአጎቴ ሚስት ብርቄ ናት። ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ለበሩ ቅርብ የሆነችው በርጩማ ላይ ተቀምጣለች፤ ድሮ ቦታዋ ከእናቴ ጎን ነበር። እኔ በሩ ላይ ስለቆምኩ ውስጡንም ውጪውንም አያለሁ። ውጪ፣ አጥራችን ጥግ፣ የእትዬ አስካለ ባል አቶ ወልዴ ቆሟል። አዲስ ካፖርት ለብሷል፤ ሁለት እጁን ኪሱ ከቷል። ሚስቱን ሊወስድ ነው የመጣው። ግባ ያለው ሰው አልነበረም።

ጊዜው የጣልያን ጊዜ ነው። ኮልፌ እንደ ዛሬው ሱቅ በሱቅ አልሆነችም፤ ከባሕር ዛፉ ወዲያ የገብስ ማሳ ነበር። ቤታችን በጉዝጓዙ ሣርና በጠላ ሽታ ተሞልቷል። በማኅበር ቀን እኛ ልጆች የዳቦውን ቅርፊት ስለምናገኝ ከበር አንጠፋም ነበር።

ጽዋው በየወሩ ከቤት ወደ ቤት ይዞራል። የወሩ ደጋሽ ስታበቃ ለተረኛዋ ታስረክባለች፤ ተረኛዋም እንደተሸፈነ ወደ ቤቷ ትወስደዋለች። የእኛ ማኅበር ግን ሌላም ሥራ ነበረው። ለድግሱ ከሚዋጣው እህል ግማሹ በሶ እየሆነ ዱር ላሉት አርበኞች ይሄዳል። ጽዋው ቤቷ ያለ ሴት የዚያን ወር እህል ትሰበስባለች፤ ሊወስድ ለሚመጣውም ሰው የምትሰጠው እሷ ናት። ማን እንደሰጠ፣ ማን እንደወሰደ ታውቃለች። ለልጆች አልተነገረም፤ ግን እናውቅ ነበር። የዚያን ቀን ተረኛዋ እትዬ አስካለ ነበረች።

አቶ ወልዴ አናጢ ነበር። ክረምቱ ሲገባ የጣልያን ፖሊሶቹ ካራቢኔሪዎች እሱንና የእማማ በላይነሽን ልጅ ተሾመን ከአንድ ቤት ይዘው ወሰዷቸው። ሰፈሩ በሁለቱም ተስፋ ቆረጠ። ከመስቀል በኋላ አቶ ወልዴ ብቻውን ተመለሰ፤ ጉንጩ ሞላ ብሎ፣ ካፖርት ለብሶ። ተሾመ የት እንዳለ ሲጠየቅ አላውቅም አለ።

ሲኒማውን ያየነው በዚያው ሰሞን ነው። የመጀመሪያው ሲመጣ ሁለቱም ገና እስር ላይ ነበሩ። ጣልያኖቹ የመብራት ሞተር በካሚዮን አምጥተው ሜዳው ላይ ነጭ ጨርቅ ወጠሩ፤ ከየቤቱ ሰው እንዲመጣ ታዘዘ። የናፍጣው ሽታ እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ላይ አለ። አንድ የዓሣ አጥማጅ ልጅ፣ የባሕር ንግሥት የሰረቀችውን የከተማውን ደወል ሊያመጣ ወደ ባሕር ሥር ይወርዳል። ግንባሩ ላይ ፋኖስ የበራለት ዓሣ መንገድ ይመራዋል። ባሕር አይተን ስለማናውቅ ውሃው እንዳይነካን እግራችንን ሰብስበን ተቀመጥን። መጨረሻ ላይ የድንጋይ በር ተዘጋበትና ጨርቁ ባዶ ሆነ። ሴቶቹ አለቀሱ። ከሁሉም በላይ ያለቀሰችው እትዬ አስካለ ነበረች፤ ለማን እንደምታለቅስ የጠፋው አልነበረም። አቅፈው ያባበሏት እማማ በላይነሽ ናቸው።

ሁለተኛው ክፍል የታየው አቶ ወልዴ በተመለሰ በሳምንቱ ነው። ሰውዬው ከባሕር ወጣ። ፊቱ ግን ሌላ ፊት ሆነብን፤ ፀጉሩ ቅባት ጠጥቷል፣ ልብሱ ያምራል። የጣልያኖቹ አስተርጓሚ ያው ሰውዬ ነው እያለ ጮኸ። ጨርቁ ላይ ያለው ከተማ ሆ ብሎ ተቀበለው፤ ዳሩትም። ከእኛ በኩል ያጨበጨበ የለም።

በማኅበሩ ቀን ጸሎቱ ደርሶ፣ ዳቦው ተቆርሶ፣ ጠላው አንድ ዙር ከሄደ በኋላ ጽዋውን ማስረከብ ብቻ ቀረ። ያኔ ነው ብርቄ ሲኒማውን ያነሳችው።

«እኔስ የፊተኛው ይሻለኛል» አለች። «የአሁኑ ሰርግ ብቻ ሆነ። ያ ዓሣ እንኳ የለበትም።»

«ሰውዬውም የለበትም» አሉ እማማ በላይነሽ። «የፊተኛው ጉንጩ የጎደጎደ ምስኪን ነበር። ይኼ ሌላ ሰው ነው።»

«ባሕር ውስጥ ምን ሥራ አለው እማማ፣ ሲበላ ከርሞ ነዋ» አለች ብርቄ።

እናቴ ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ ያዘች። እማማ በላይነሽ አልሳቁም።

«ማን እያበላው?» አሉ።

አባ ነገሩን ሊያበርዱ ፈለጉ። «ዮናስም ከዓሣ ሆድ ወጥቷል። ሰው ሲተርፍ ተመስገን ነው» አሉ።

«አባ፣ ዮናስን ማን እንዳወጣው እናውቃለን። ይኼን በሩ ከውጪ የተዘጋበትን ሰው ማን ከፈተለት? አብሮት የነበረውስ ዓሣ የት ቀረ?» አሉ እማማ በላይነሽ።

ከዚህ ወዲያ ስለ ሲኒማ የሚያወራ አልነበረም። ቢሆንም በዚያ ጊዜ ሌላውን ነገር በስሙ የሚጠራ ስላልነበረ ወሬው የሲኒማ እንደሆነ ቀጠለ።

«ምናልባት ንግሥቲቱ ራርታለት ይሆናል» አለች እናቴ ቀስ ብላ።

«እሷ በነፃ አትራራም» አሉ እማማ በላይነሽ።

እትዬ አስካለ እስከዚያ ድረስ አልተናገረችም። «እኔን ሁለተኛው ደስ ብሎኛል» አለች። «ሰው ቤቱ ሲገባ ምኑ ያስከፋል? እናንተ ፊቱን ነው ያያችሁት። እጁን አላያችሁም። ጣቶቹ ላይ አንድ ጥፍር የለም። የልብሱን ቁልፍ የምቆልፍለት እኔ ነኝ። የማጎርሰውም እኔ ነኝ።»

ሲኒማው ውስጥ ሰውዬውን ያጎረሰው ሰው አልነበረም። ወደ ውጪ ዞር አልኩ። አቶ ወልዴ እጁን ከኪሱ አላወጣም።

«የእኔ ልጅ ይመለስልኝ እንጂ» አሉ እማማ በላይነሽ፣ «ጥፍሩን አላይበትም ነበር።»

አባ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ተረኛዋ ትረከብ አሉ። እናቴ ጽዋውን አንስታ ጉልበቷ ላይ አደረገችው። የተሸፈነበትን ጨርቅ አስተካከለች፤ መልሳም አስተካከለች። ከዚያ ከጀርባዋ አስቀመጠችው።

«ለዚህ ወር እዚሁ እኔ ዘንድ ይቆይ» አለች። «የአስካለ ቤት ሰሞኑን ጠያቂ ይበዛዋል።»

አቶ ወልዴ ተሾመን አሳልፎ ሰጥቶ እንደሆነ፣ ጣልያን ከወጣ በኋላም የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም። እናቴን አንድ ጊዜ ጠይቄያት ነበር፤ በሶው በዚያ ወር በደህና መድረሱን ብቻ ነገረችኝ።

ዛሬ የልጅ ልጆቼ ሳሎኔ ውስጥ ቪዲዮ ያያሉ። ባለፈው እሑድ እሳት የሚተፋ ዘንዶ ያለበት ፊልም ሁለተኛው ክፍል መጥቶ ተጣሉበት። አንዷ የመጀመሪያው ይበልጣል አለች፤ ወንድሟ ይኼኛው ነው ምርጡ አለ፤ ትንሹ ተዋናዩን ቀይረውታል ብሎ ትራስ ወረወረ። ከዚያ ከአንድ ትሪ በሉ። ስለ ፊልሙ ነበር የሚጣሉት፤ ስለ ሌላ ሰው አልነበረም። ይህን ለማመን ጥቂት ቆየሁ። ሲስቁ እየሰማሁም ማን ዝም እንዳለ ዞሬ አየሁ።

የዚያን ቀን፣ ጽዋው እናቴ ዘንድ ሲቀር፣ እትዬ አስካለ ጠላውን ሳትቀምሰው ዋንጫዋን መሬት አስቀመጠች። ነጠላዋን አጣፋች። የአባን መስቀል ተሳለመች፤ ጎንበስ ብላ የእማማ በላይነሽን ጉልበት ሳመች። በአጠገቤ አልፋ ወጣች።