የግራና የቀኝ ፈትል

ስልከኛዋን በሥራ ቦታዋ ድምፅሽ ማር ነው ይሏታል። የሆስፒታሉ ማዞሪያ ላይ ተቀምጣ፣ የሚጮኽባትንም የሚያለቅስባትንም «አንድ ጊዜ ይጠብቁኝ» እያለች ስታገናኝ ዕድሜዋ ሄዷል። ቤት ስትገባ ግን ከታናሽ እህቷ ጋር የሚያገናኛት መስመር የለም። እናታቸው ከሞተች ወዲህ ሁለቱ በአንድ ጣሪያ ሥር ሆድና ጀርባ ሆነው ይኖራሉ። ግድ ሲሆን የሚነጋገሩት በአባታቸው በኩል ነው።

«አባዬ፣ ለልጅህ ንገራት፣ እርጥብ ፎጣዋን የደረቀ ልብሴ ላይ አትጣል።»

«አባዬ፣ ለልጅህ ንገራት፣ የልብስ ማስጫው ገመድ የግሏ መሆኑን አላወቅሁም ነበር።»

አባትየው የድሮ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ዐይናቸው ከደከመ ወዲህ የሚያዩት በጣታቸው ነው። «ማዞሪያው እኔ፣ ደሞዝ የምትበላው እሷ» ይላሉ፤ የሚስቅላቸው ግን የለም።

አንድ ሳምንት ሁለቱም ዕረፍት ላይ ሆኑ። ስልከኛዋ የዓመት ፈቃዷን ወስዳለች። ፀጉር ሠሪዋ ታናሽም የምትሠራበት ቤት ቀለም እየተቀባ ስለነበር ሥራ የላትም። አባትየው ሁለቱም ቤት መዋላቸውን ሲያዩ ከቁም ሣጥኑ አናት ላይ አንድ ጆንያ አስወረዱ። ውስጡ እናታቸው ሳትታመም አጥባና አበጥራ ያስቀመጠችው ቡናማ የበግ ፀጉር ነው። ከሷ እጅ የቀረ ሌላ የለም።

«ብርዱ ጀርባዬን ጨረሰው» አሉ። «ከዚህ ሰደርያ ሥሩልኝ። ለኔ ብላ ነው ያስቀመጠችው።»

«እኔ እሠራልሃለሁ» አሉ ሁለቱም በአንድ አፍ፤ ወዲያውም ሁለቱም አፈሩበት።

አባትየው ፀጉሩን በእጃቸው እየመዘኑ ለሁለት ከፈሉት። እያንዳንዳቸው ድርሻቸውን ይፈትላሉ፤ ከዚያ ሁለቱ ክር አንድ ላይ ተገምዶ ወፍራም የሹራብ ክር ይሆናል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲባል አልሰማችሁም?»

«አንበሳዋማ ቤት ውስጥ ናት» አለች ታናሽ ለግድግዳው። «ማን ደፍሮ ያስራታል።»

ስልከኛዋ መስኮቱ ሥር፣ ታናሽ አልጋዋ ጫፍ ላይ ሆነው መፍተል ጀመሩ። ስልከኛዋ የአባቷን ገላ አስባ ቀጭንና ልል አድርጋ ትፈትላለች። የታናሽ ክር ጠንካራ ነው፤ እንዝርቷን ጭኗ ላይ አሽከርክራ ስትለቀው ሰው የምትገርፍ ትመስላለች። ጎረቤት መጥታ «እንዴት ደስ ይላል፣ እህትማማች አብሮ ሲፈትል» ብትል ሁለቱም እንዝርታቸውን ይበልጥ አፈጠኑ።

በሳምንቱ አጋማሽ ታናሽ ገላዋን ልትታጠብ ስትገባ፣ ስልከኛዋ የእህቷን ልቃቂት ከቅርጫቱ አነሣች። ክሩ እንዳይፈታ በፀጉር ክሊፕ ተይዟል። ክሊፑን ነቅላ ጫፉን በጣቶቿ ስታሸው ወዲያው ታወቃት። ክሩ የተጠመዘዘው እንደ ራሷ ወደ ቀኝ ሳይሆን ወደ ግራ ነው።

ነገሩ ገባት። ታናሽ ግራኝ ናት። እናታቸው ፈትል ስታስተምራት ፊት ለፊት፣ ጉልበት ለጉልበት አስቀምጣ «እንደ መስተዋት እዪኝ» ትላት ነበር። ስልከኛዋን እንዲያ አድርጎ ያስቀመጣት የለም፤ እሷ ከእናቷ ትከሻ ኋላ ቆማ አይታ ነው የለመደችው። ያን ጉልበት ለጉልበት መቀመጥ እስከ ዛሬ አልረሳችውም። እናትየው በሕይወት ሳለች የሹራቡን ክር ሁሉ ራሷ ትፈትል ስለነበር፣ የሁለቱ ልጆች ክር አንድ ላይ ተገምዶ አያውቅም። ወደ ቀኝና ወደ ግራ የዞረ ክር ደግሞ አይጋባም።

አንድ ቃል ይበቃ ነበር። እያንዳንዷ የራሷን ክር ከራሷ ጋር ብትገምድ ጉዳት አልነበረም። ስልከኛዋ ግን ነገሩ ሲገመድ ታያት፤ የእህቷ ክር ከልኩ በላይ ከሮ እንደ ትል ይጠቀለላል፣ አባታቸውም በጣታቸው ያዩታል። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ክሊፑን መልሳ ሰካችና ወደ መስኮቷ ተመለሰች።

ፈትሉ ሲያልቅ ሁለቱ ልቃቂት አባትየው ፊት ቀረበ።

«አባዬ፣ ለልጅህ ንገራት፣ የምገምደው እኔ ነኝ።»

«ትግመድ። ታላቅ አይደለች?»

ስልከኛዋ ሁለቱን ክር አጋጥማ ክር ሲገመድ እንደሚደረገው እንዝርቱን ከፈተለችበት በተቃራኒ ወደ ግራ አዞረች። የታናሽ ክር እንዳሰበችው ከረረ፤ ሽቦ ሆነ። የራሷ ልል ክር ግን የሚይዘው አጥቶ መፈታት ጀመረ። ተበጠሰ፤ ቀጠለችው፤ ከበላዩ ደግሞ ተበጠሰ። እልህ ይዟት በፈጠነች ቁጥር ለስላሳው ፈትል ተመልሶ ፀጉር እየሆነ ወለሉ ላይ ወረደ። እጇን ስታቆም ከድርሻዋ ብዙው እግሯ ሥር ነበር።

«አባዬ፣ አንበሳው አመለጠ» አለች ታናሽ።

አባትየው የተረፈውን በጣታቸው ዳሰሱ። «ይሄ የቀኝ ነው። ይሄ የግራ። ሁለታችሁም አላያችሁም?»

«እኔ የሷን ነክቼ አላውቅም።»

«አንቺስ?» አሉ ወደ ስልከኛዋ ዞረው።

«አንድ ጊዜ ጠብቀኝ፣ አባዬ» አለች በዚያ በሥራዋ ድምፅ፤ ተንበርክካም ፀጉሩን ትለቅም ጀመር።

«አይታዋለች» አለች ታናሽ ሳትቸኩል። «ክሊፔን እኔ በግራ ነው የምሰካው። ያን ቀን ገላዬን ታጥቤ ስወጣ በቀኝ ተሰክቶ ነው ያገኘሁት። ለልጅህ ንገራት፣ ሌባ እንኳ ዕቃ ሲመልስ ቦታውን ያያል።»

አባትየው ይህን መልእክት አላደረሱም። የነኩትን ክር ጭናቸው ላይ አኖሩ። «የእናታችሁ እጅ ያለበት ይሄ ብቻ ነበር» አሉ።

የቀረውን የሳምንቱን ጊዜ ስልከኛዋ ከወለል የለቀመችውን መልሳ አባዝታ ፈተለችው፤ አቧራውም የሰው ፀጉሩም አብሮ ተፈተለ። ታናሽ የሰደርያውን ፊት ከራሷ ክር ሠራች። ስልከኛዋ ጀርባውን። ጀርባው ጠበበ፣ ለብርድም ሳሳ። ብርዱ ያለው ደግሞ ጀርባቸው ላይ ነበር።

የጎንና ጎኑን ስፌት አባትየው ለብሰውት ካልሆነ ልኩ አይገኝም ተባለ። በርጩማ ላይ ተቀመጡ፤ አንዷ በቀኝ አንዷ በግራ መርፌ ይዘው ጎናቸው ሥር ገቡ።

«ከሁለታችሁ አንዷ ብትወጋኝ» አሉ፣ «የማን እጅ እንደሆነ ሳላይ አውቃለሁ።»

ስልከኛዋ ጎኗን ቀድማ ጨርሳ ክሩን በመቀስ ቆረጠች። ታናሽ ቀና ሳትል መቀሱን ለመቀበል ባዶ መዳፏን ዘረጋች።

ስልከኛዋ መዳፉን አየችው። መቀሱን አባታቸው ጭን ላይ አኑራ ተነሣች።