ዝናብ የሚያጥበው ግድግዳ

እኔና ባለቤቴ በመጨረሻ አብረን የሠራነው ሥራ ቀይ አፈር መንፋት ነበር፤ እሱ በአካፋ እያቀበለኝ፣ እኔ በወንፊት እየነፋሁ፣ «አንቺ ሴትዮ፣ ለግድግዳ እኮ ነው፤ ለቂጣ አደረግሽው!» እያለ ያሾፍብኝ ነበር። ዛሬም የረጠበ አፈር ሲሸተኝ መጀመሪያ እሱ ይመጣብኛል፤ ከዚያ ደግሞ ሽታው ይዞኝ ወደ አንኮበር፣ ወደ እናቴ ቤት ይሄዳል።

በእኛ መንደር ክረምቱ የጭቃ ቤቶቹን አጥቦ ይወጣ ስለነበር፣ ጳጉሜን ላይ ሴቶቹ ተሰብስበው የሁሉንም ቤት በየተራ ይለቀልቁ፣ በነጭ አፈርም ወፍና በሬ፣ ሐረግና መስቀል ይስሉበት ነበር። ሐዘን የገባበት ቤት ግን ዓመት እስኪሞላው አይነካም። አባቴ ሞቶ ዓመቱ ካለፈም በኋላ እናቴ እንቢ አለች፤ ከቤት አትወጣም፣ ከእኔም ጋር መነጋገር እየተወች ነበርና፣ አባቴን ቀብሬ እሷንም እያጣኋት እንደሆነ ይሰማኝ ነበር።

ሴቶቹ ጭቃ ይዘው ሲመጡ «ለማን ብላችሁ ነው የምታስውቡት?» አለቻቸው።

«ለእኛ ነዋ!» አለች ጎረቤታችን እትዬ ዘነቡ፣ ጭቃውን በእግሯ እያቦካች። «አንቺማ ውስጥ ነሽ፤ ግድግዳሽ ጥርሱን ሲያገጥጥ የከረመው በእኛ ላይ ነው።»

ሁሉም ሳቁ፣ እናቴ አልሳቀችም። ለቅልቀው ሲጨርሱ እትዬ ዘነቡ፣ እጇ ለሥዕል እንደማይሆን አገር እያወቀ፣ በሩ አጠገብ በሬ መሳል ጀመረች። በመንደሩ በሥዕል የምትታወቀው እናቴ ነበረችና፣ በበሩ አጮልቃ አይታ መታገሥ አቃታት።

«እጅሽ ይቆረጥ፣ ዘነቡ! ይሄ በሬ ነው ወይስ የታመመ ፍየል?»

«እንግዲያስ ነይና አሳዪና!»

ወጣች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ ጣቷን ነጩ አፈር ውስጥ ነክራ ለበሬው ቀንድ አወጣችለት፤ ከዚያም ከስንት ጊዜ በኋላ ስሜን ጠርታ «ውኃ አምጪልኝ» አለችኝ።

ይህን ለባለቤቴ የነገርኩት ደብረ ብርሃን ውስጥ፣ ከወለጋ ተፈናቅለው የመጡት ሰዎች ከሰፈራችን አጠገብ በተጠለሉ ጊዜ ነበር። በመካከላችን ረጅም የብሎኬት አጥር ነበር፤ በውኃ ወረፋም እንጣላ ነበር። «ታዲያ አጥሩን ለምን አብረን አንለቀልቀውም?» አለ። የሰፈሩ ወጣቶች ቀለም እንግዛ ቢሉት «አፈር ይሁን፤ ዝናብ ሲያጥበው እንደገና እንሰበሰባለን» አላቸው። እነሱ የቡና ዛፋቸውን፣ እኛ በጎቻችንን ሳልን፤ አንዳችን በሌላችን ሥዕል እየሳቅን ስም ለስም ተዋወቅን፤ ወረፋው ላይም በስም መጠራራት ጀመርን።

በአንኮበር የደረሱልን ከእኛ ጋር የተወለዱ፣ ከእኛ ጋር ያደጉ ሰዎች ነበሩ። እዚህ ግን ባለቤቴ ሲሞት ድንኳን ተክለው፣ ውኃ ቀድተው፣ ከእኔ ጋር ያለቀሱት ትናንት የማላውቃቸው ሴቶች፣ ያውም የራሳቸው ሐዘን ገና ያልወጣላቸው ናቸው። ይህ እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ አጥሩ እሄዳለሁ፤ አዲስ የመጣች ሴት ካለች ስሟን ጠይቄ አጠገቧ ቆሜ ዝናብ ያጠበውን እለቀልቃለሁ።