ድንጋይ ይዘን ወደ ፎገራ

ከጠዋቱ 12፡00፣ አንበሳሜ

በዚህ ገጽ የምትከተሉኝ ታውቃላችሁ፤ ብዙ ነገር ተሸክሜ ተጉዣለሁ። ዶሮ፣ ማር፣ አንድ ጊዜማ የሰው የሠርግ ኬክ። ድንጋይ ግን ይኸ የመጀመሪያዬ ነው።

ትናንት ማታ ፎገራ ያለው የቁሐር ሚካኤል ደብር ቄስ አድማሱ ደወሉ። ዛሬ በደብራቸው ዕርቅ አለ። በዳዩ እንደ ወጉ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ፣ ጎንበስ ብሎ «በድያለሁ፣ ማሩኝ» ማለት አለበት። ችግሩ ፎገራ ሜዳ ነው፤ ክረምት ውሃ የሚተኛበት ጥቁር አፈር። ሩዝ እንደ ልብ፣ ከብት እንደ ልብ፣ ድንጋይ ግን ለመድኃኒት ተፈልጎ አይገኝም። «እናንተ አገር ሞልቶ የለ፤ ስትመጡ አንድ ያዙልን» አሉን። ቄሱ የዘነጉት ትንሽ ነገር ቢኖር፣ ድንጋዩን አምጪ ያሏት ተበዳይዋን ራሷን መሆኑን ነው።

ተበዳይዋ ያሳደገችኝ አክስቴ እትዬ ሰላማዊት ናት። የቁሐር ልጅ ናት፤ አንበሳሜ የገባችው በትዳር ነው። የዛሬ ሃምሳ ዓመት ገደማ ጉማራ ወንዝ ሞልቶ ማሳውንም ጎጆውንም ጠርጎ ሲሄድ፣ የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። ከመንደሩ ልጆች ጋር መኪና ላይ ጫኗትና ሩቅ ከተማ ወዳለ አዳሪ ቤት ወሰዷት። ማን እንደከፈተው አልጽፍም፤ ቤቱም ፈርሷል። እዚያ ጸጉራቸውን ላጩ፣ የባላገር ንግግራቸውን ከለከሉ፣ ስማቸውንም «ኋላ ቀር ነው» ብለው ቀየሩት። አክስቴ እንጉዳይ ሆና ገብታ ሰላማዊት ሆና ወጣች።

ስም ቀያሪው የቤቱ ተቆጣጣሪ አቶ ተገኘ ነበሩ። አሁን ሰማንያ ሊሞላቸው ነው፣ ታመዋል፣ ይቅርታ ሳላገኝ አልሙት ብለው ሽማግሌ ልከዋል። ሁለት ጊዜ ላኩ፤ ሁለት ጊዜ እምቢ አለች። በሦስተኛው «እመጣለሁ። ይቅር እላለሁ ግን አልወጣኝም» አለች። እኔም ትላለች ወይስ አትልም የሚለውን ለማየት ነው የተነሳሁት።

ጎሕ ሲቀድ ከቤቱ ጀርባ ድንጋይ ስንመርጥ ነበር። ለሽማግሌ ሰው አዝኜ አንዲት ለስላሳ፣ ክብ ድንጋይ አቀረብኩላት።

«ይችማ የነጭ ሽንኩርት መውቀጫ ናት» ብላ ወረወረቻት። ሁለተኛዋን ለማንሳት እንኳ አልፈለገችም። በመጨረሻ የአጥሩን ጥግ ደግፎ የኖረውን፣ ጎርባጣውን በእግሯ መታ አደረገች። «እሱን።»

«እትዬ ሰላም፣ ሰውየው እኮ ሽማግሌ ናቸው።»

«እኔም ሰባት ዓመቴ ነበር።»

ምን ማለቷ እንደሆነ ያኔ አልገባኝም። እያቃሰትኩ በማዳበሪያ ጆንያ ውስጥ ከተትኩት።

1፡30፣ የሐሙሲት መንገድ

የሚኒባሱ ረዳት ጆንያውን ሊወረውር አነሳና መልሶ አስቀመጠው።

«ምንድን ነው ይኸ?»

«ድንጋይ።»

«የምን ድንጋይ?»

«ያው ድንጋይ ነዋ።»

ከፍቶ አየ፣ ዘጋ፣ እንደገና ከፈተ። «እንደ አንድ ሰው ይከፈልበታል» አለ።

«እንደ ሰው ከሆነማ ወንበር ስጠው» አለች አክስቴ። «በመስኮቱ በኩል ይሁን፤ መንገድ ያመዋል።»

መኪናው ሙሉ ሳቀ፤ ረዳቱ ተሸነፈ። ድንጋዩ በነጻ ተሳፈረ፣ ወንበሩ ግን የእኔ ጭን ሆነ። ጥርጊያው መንገድ አቧራ ነው፣ ጉድጓድ ነው፤ መኪናው በዘለለ ቁጥር ድንጋዩም ይዘላል፤ ሲያርፍ ግን የሚያርፈው እኔ ላይ ብቻ ነው።

ሐሙሲት ፍተሻ አለ። መሣሪያ ያነገተ ጎረምሳ ጆንያውን ፈታ።

«ለምን የሚሆን ነው?»

«ለዕርቅ» አልኩ።

ፊቱ ፈታ አለ፤ የገጠር ልጅ መሆን አለበት። «በዳዩ አንተ ነህ?»

«አይደለሁም።»

«ተበዳዩስ?»

«እኔ ነኝ» አለች አክስቴ።

«ታዲያ እማማ፣ ይኸን የመረጡት እርስዎ ነዎት?»

«እህ።»

ልጁ ድንጋዩን በሁለት እጁ አነሳና መዘነው። «እግዜር ይርዳቸው» ብሎ አሳለፈን።

ከሐሙሲት ወዲያ አስፋልት ነው። ዳገቱ ሁሉ ያልቅና አገሩ ጠፍጣፋ ይሆናል፤ የታጨደ ሩዝ በየማሳው ተከምሯል፣ ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር ከብቶች ገለባውን ይቃርማሉ። አክስቴ ተወልዳ ያደገችበትን ሜዳ ስታይ ወደ መስኮቱ ተጠጋች። ከዚያ እጇን ጆንያው ላይ አሳረፈች።

«የኛ ከዚህ ያንስ ነበር። ለልጅ ግን ይከብዳል።»

«የምን የእናንተ?»

«በድሮ ስሙ የተጣራም፣ አቤት ያለም፣ ጠጠር ላይ ተንበርክኮ ድንጋይ በራሱ ላይ ይይዛል። ጀምበር እስክትጠልቅ።» ዓይኗ ከመስኮቱ አልተነሳም። «እሱንስ ቻልኩት። አሥራ አራት ሞልቶኝ ስመለስ እናቴ ደጅ ቆማ እንጉዳይ ብላ ጠራችኝ። ሌላ ሰው የጠራች መስሎኝ ወደ ኋላ ዞሬ አየሁ።»

እስካሁን ለአቶ ተገኘ ጉልበት ሳዝን የነበርኩት ሰው፣ እውነቱን ልናገር፣ ከዚህ የከበደ ድንጋይ ባለመምረጣችን ተቆጨሁ።

3፡00፣ ወረታ

ቁሐር ሚካኤል ስንደርስ «ወራጅ አለ!» ብዬ ጮህኩ። አክስቴ «የለም፣ ወረታ ነን» አለች። መኪናው አለፈ።

«ሩዝ እገዛለሁ» አለችኝ። አንበሳሜ ሩዝ የለም ወይ ብዬ አልጠየቅኩም። ስትፈራ ገበያ መውጣት ልማዷ ነው።

ወረታ የሩዝ ከተማ ናት። ወፍጮው ከጠዋት ጀምሮ ይጮኻል፤ የሩዙ ገለባ አቧራ ቅንድብ ላይ ሳይቀር ያርፋል፤ ባጃጁ በጆንያ መሐል ይሽሎከለካል። አክስቴ ከሱቅ ሱቅ እየሄደች ሩዝ በመዳፏ ትዘግናለች፣ ትነፋለች፣ ታኝካለች፣ ትመልሳለች። አንዷ ነጋዴ ታግሣ ታግሣ «እማማ፣ ሊገዙት ነው ወይስ ሊመርቁት?» አለቻት።

ምግብ ቤት ገብተን ሩዝ የተቀላቀለበት ነጭ እንጀራ በሽሮ አዘዝን። እኔ በላሁ፤ እሷ አንዱን ጉርሻ ስታሽከረክር ቆየች። ቄስ አድማሱ ሦስት ጊዜ ደወሉ።

«መንገድ ላይ ነን በላቸው።»

«ቁጭ ብለን?»

«ወንበሩ መንገድ ዳር አይደል?»

ቄስ ዋሸሁ። አራተኛው ጥሪ ሲመጣ አክስቴ እጇን ታጠበች፣ ነጠላዋን አስተካከለች። «ባጃጅ ጥራ» አለችኝ። ሩዝ አልገዛንም።

5፡30፣ ቁሐር ሚካኤል

ከደብሩ አጥር ውጪ፣ ዋርካ ሥር፣ መንደሩ ሁሉ ተሰብስቧል። ከፊት ወንበር ላይ «የአዳሪ ቤቱ ልጆች» ተደርድረዋል። ልጆች የተባሉት ስምንት ሽበታሞች ናቸው። በተመለሱ ጊዜ አነጋገራችሁ ተበላሽቷል እያለ ሲያሾፍባቸው የነበረው ይኸው መንደር ነበርና፣ ዛሬ እሱም የሚክሰው አለው፤ ሴቶቹ በየቤቱ ፈትለው ለእያንዳንዳቸው ጋቢ አሠርተውላቸዋል። አክስቴ ዘጠነኛዋ ሆና ጋቢዋን ለበሰች። በሙቀቱ ላብ አጠመቃት፤ ግን አላወለቀችውም።

ድንጋዩ ከጆንያው ሲወጣ ሽማግሌዎቹ ተያዩ።

«ወይዘሮ ሰላማዊት» አሉ ቄስ አድማሱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ያነሰ አልተገኘም?»

«አገሩ የሚያበቅለው ይኸን ነው፣ አባ።»

አንዱ ሽማግሌ ይፈለጥ አለ፤ መፍለጫ ጠፋ። ሌላው ሁለት ሰው ያግዛቸው አለ፤ ሦስተኛው «ታግዘው የተሸከሙት ድንጋይ ወጉን አይሞላም» ብሎ ተቆጣ። ክርክሩ ሊደምቅ ሲል አቶ ተገኘ ከዘራቸውን አስቀምጠው ተነሱ። ቀጭን፣ ንጹሕ፣ የሸሚዛቸው አንገት የሰፋቸው ሰው ናቸው። «አምጡት» አሉ።

ጫንቃቸው ላይ አስቀመጡላቸው። ጉልበታቸው ተንቀጠቀጠ። ጎንበስ ለማለት ሲሞክሩ ወደ ጎን አዘነበሉ፣ እንደምንም ቆሙ። «በድያለሁ፣ ማሩኝ።»

ሁሉም አክስቴን ያያል። እሷ የሽማግሌውን ጉልበት ታያለች።

«አውርዱላቸው» አለች።

ቄሱ ፊታቸው በራ። «ይቅር አልሽ?»

«የለም፣ አውርዱላቸው ነው ያልኩ። ከባዱን የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ ሳየው ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፣ አላለኝም። ድንጋይ ምንም አያስተምርም፤ እኔ ምስክር ነኝ።» ድንጋዩ ከወረደ በኋላ ቀርባ ፊት ለፊታቸው ቆመች። «አሁን ስሜን ይጥሩኝ።»

«ሰላማዊት» አሉ ቶሎ ብለው።

«እሱን የሰጡኝ እርስዎ ነዎት። የወሰዱብኝን ይጥሩ።»

ዓይናቸው በተሰበሰበው ሰው ላይ ዞረ። «አላስታውሰውም» አሉ። «መዝገቡ ላይ ሰርዤው ነበር። የሁላችሁንም አላስታውስም።»

ሕዝቡ አጉረመረመ። ቄስ አድማሱ ወደ ሽማግሌው ጆሮ ጠጋ ሲሉ አክስቴ ጣቷን ቀሰረች።

«አባ! ፈተና ላይ ሹክ ማለት የለም።»

ሰው ሳቀ፤ እሷ ግን አልሳቀችም። ለአፍታ ያህል ጥላን የምትሄድ መስሎኝ ነበር። ከዚያ በዝግታ፣ ለልጅ ፊደል እንደሚቆጥር ሰው፣ «እንጉዳይ» አለቻቸው።

«እንጉዳይ።»

«ይድገሙት።»

«እንጉዳይ።»

«የኋላዎቹ አልሰሙም።»

አቶ ተገኘ አሁን እያለቀሱ ነው። ያላቸውን ድምፅ ሁሉ አውጥተው «እንጉዳይ!» አሉ። አክስቴ ትከሻቸውን ያዘች፤ «ይቅር ለእግዚአብሔር» አለች።

እልልታው ሳያልቅ ከወንበረኞቹ ትልቁ ተነስተው ከኋላዋ ቆሙ። «የኔ ስም ደርበው ነው» አሉ። ከእሳቸው ኋላ ሌላው ተሰለፈ፣ ከዚያ ሌላው። ስምንቱም ተሰለፉ። አቶ ተገኘ እየተሳሳቱ፣ እየታረሙ፣ ሲጠፋቸው ከደርበው እንደገና እየጀመሩ አጠኑ። ለዕርቁ የተሠራው ወጥ ቀዘቀዘ፤ ማንም አልተቆጣም። ድንጋዩን ቄስ አድማሱ «ለሌላ ጊዜ ይሆነናል» ብለው አስቀሩት።

10፡30፣ ወደ ቤት

ከጋቢና ኋላ ሁለት ወንበር አገኘን። ጭኔ ባዶ ነው፣ ያመኛል ግን። ሜዳው ላይ የከሰዓቱ ፀሐይ ወርዳ ከብቶቹ ወደየበረታቸው ይነዳሉ። አክስቴ ጋቢዋን ተከናንባ ወደ ውጪ ታያለች።

እኔ ደግሞ ጭንቅ ይዞኛል። አፍ ከፈታሁ ጀምሮ እትዬ ሰላም ስላት ኖሬ ምላሴ አልታዘዝም አለኝ። አንድ ጊዜ ሞከርኩና ሳል አስመሰልኩት። ሁለተኛውን ዋጥኩት። ሽማግሌው በዚያ ዕድሜያቸው የቻሉትን እኔ አለመቻሌ አሳፈረኝ።

«እትዬ እንጉዳይ» አልኳት።

ዞር አላለችም፣ ማንን ነው ብላም አልጠየቀችኝ።

«ወዬ» አለች።